ግሱ እስኪመጣ ስንት ቃል ልጠብቅ? የኛ ዓረፍተ ነገርና የሌላው ዓለም

የላስታ አስጎብኚ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ላሊበላ ላይ አስጎብኚ ነኝ። የምሠራው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጠመኝና እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ቤተ ጊዮርጊስ አፋፉ ላይ እንግዶች ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ አባት መጡ፣ የሰፈሩን ታሪክ ከሥሩ የሚያውቁ ናቸው። እንግዶቹ ስለ ድሮ መምህራን ጠየቋቸው። እሳቸውም ጀመሩ፣ እኔ ከሥር ከሥር እተረጉማለሁ። እንዲህ አሉ፦ «ከጎንደር መጥተው እኛ ቤት ያደሩትን፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዜማ ያስተማሩትን፣ ኋላም ሙጃ ላይ ያረፉትን መሪጌታ እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም።»

ችግሩ ይታያችኋል? እሳቸው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። እንግዶቹ ደግሞ አፍ አፌን ያያሉ። እንግሊዝኛው «እኔ» ካልኩ በኋላ ወዲያው ግሱን ይፈልጋል፣ አየሁ ወይም አላየሁም ሳልል መሪጌታው ጋ መድረስ አልችልም። «እኔ በዓይኔ» ሲሉ ጊዜ አየኋቸው ሊሉ ነው ብዬ ገመትኩና እንዳዩዋቸው አድርጌ ተረጎምኩት። ከዚያ «አላየኋቸውም» መጣ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ። አንዲት እንግዳ ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችውን ሰረዘች። እኔን ግን ከነከነኝ። እኚያ አባት የተናገሩትን ተቃራኒውን አድርጌ ነበር ያወራሁት።

ማታ ለባልደረባዬ ብነግረው «አማርኛ የተገለበጠ ቋንቋ ስለሆነ ነው» አለኝ። ይሄ አልተዋጠልኝም። ከየት ሆኖ ቢያየው ነው የተገለበጠ የሚለው? ግን የምመልስለት አልነበረኝም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ግሳችን ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ? ግዕዝና ዐረብኛ የአማርኛ ዘመድ ናቸው ሲባል እሰማለሁ፣ እነሱስ እንዴት ናቸው? ሌላው ዓለምስ? እንደኔ ለሚተረጉም ሰውስ ምን መላ አለ?

ዋድላ ቅኔ ቤት

ወንድሜ፣ እኔ ቅኔ የቆጠርኩት ዋድላ ነው፣ አሁን ያለሁት ደሴ ነው። ከጥያቄህ የግዕዙን እኔ ልያዝ።

ግዕዝ በአብዛኛው ግሱን ከባለቤቱ ያስቀድማል። ኦሪት ዘፍጥረት ሲጀምር ምን ይላል፦ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ»። ቃሉን በተራው ስታስቀምጠው «በመጀመሪያ ፈጠረ እግዚአብሔር ሰማይን ምድርንም» ነው። አማርኛው ግን «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ይላል። «ገብረ» ሁለተኛ ቃል ነው፣ «ፈጠረ» የመጨረሻ። ነገሩ በግሱ ብቻ አያበቃም። ግዕዝ «ብእሲ ዘመጽአ» ሲል እኛ «የመጣው ሰው» እንላለን። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል እኛ «የንጉሥ ቤት»። ግዕዝ ዋናውን ቃል አውጥቶ ማብራሪያውን ያስከትልለታል፣ አማርኛ ማብራሪያውን ጨርሶ ነው ዋናውን የሚያመጣው። ልጆች ሆነን ግዕዙን ወደ አማርኛ ስንመልስ ዓይናችን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ የሚውለው ለዚህ ነበር።

ሌላ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር። የኛ ሊቃውንት ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ይሄ ስም እንዴት ልክ እንደሆነ አጨዳ የዋለ ሰው ያውቀዋል። አጫጅ እፍኝ እፍኙን ያጋድማል፣ ነዶ ሲሞላ ያስራል። አማርኛም «መጥተው፣ አድረው፣ አስተምረው» እያለ ያጋድማል። እነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን አይቆሙም። «መጥተው» ብለህ ዝም ብትል ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይልሃል። መጨረሻ ላይ አንድ ግስ ይመጣና ሁሉንም ያስራል። ግዕዝ ደግሞ እንጨት ለቃሚ እንደሚያደርገው ገመዱን መጀመሪያ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ጭራሮውን በላዩ ይደረድራል።

ደግሞ ግዕዝ ግሱን የግድ ፊት ያደርጋል ማለቴ አይደለም። «ሰማይ» ባለቤት ነው፣ «ሰማየ» ተሳቢ ነው። መጨረሻዋ ፊደል ስለምትናገር የትም ብታስቀምጣት ተሳቢነቷ አይጠፋም። ባለቅኔ ቃላቱን እንደ ልቡ የሚያዘዋውረው በዚህ ነው።

ሰኞ ገበያ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ያ ጀማዓ። የዋድላውን መልስ ሳነብ ገረመኝ። አባቴ ዳዌ ሄደው ኪታብ የቀሩ፣ ማለትም የተማሩ ናቸው፣ ነህውም ሰርፉም፣ የዐረብኛው ሰዋስው ማለቴ ነው፣ ጭምር። ቤት ውስጥ ሲያስቀሩን «ኸለቀላሁ ሰማዋቲ ወልአርደ» የሚለውን ቃል በቃል ሲፈቱልን «ኸለቀ፣ ፈጠረ፤ አላህ፤ ሰማያትን፤ ምድርንም» ይሉ ነበር። ከላይ ካለው ግዕዝ ጋር አስተያዩት እስቲ። ግስ፣ ባለቤት፣ ተሳቢ። ተራው አንድ ነው! «ምድረ» እና «አርደ» መጨረሻቸው ላይ የምትሰማው ድምፅ እንኳ አንድ ናት፣ ሁለቱም ተሳቢ ስለሆኑ ነው እንደዚያ የሚያልቁት። ይሄን ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸውና ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

በነህው ትምህርት ራሱ ሲቆጠር «ፊዕል፣ ፋዒል፣ መፍዑል» ተብሎ ነው፣ ግስ፣ አድራጊ፣ ተደራጊ ማለት ነው። በግስ የሚጀምረውን «ጁምላ ፊዕሊያ» ይሉታል፣ በስም የሚጀምረውን «ጁምላ ኢስሚያ»። ሁለቱም አለ። ፊዕሊያው ግን የኪታቡ ወግ ነው።

የኪታቡ ዐረብኛና የመንገዱ ዐረብኛ ደግሞ ይለያያል። እኔ ጂዳ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሄድኩ ሰሞን ውሃ ስፈልግ «አነ ሞያ አብጋ» እል ነበር። «እኔ ውሃ እፈልጋለሁ» ማለቴ ነዋ፣ ቃሉን ለውጬ ተራውን የአማርኛ አድርጌዋለሁ። ይገባቸዋል፣ ውሃውም ይመጣል። አንድ ቀን የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀሚሴን ይዛ «አነ አብጋ ሞያ» እያለች ሦስቴ ደጋገመችልኝ። «እኔ እፈልጋለሁ ውሃ»። ከዚያ ቀን በኋላ አልተሳሳትኩም። እንግዲህ የአባቴ ዐረብኛ ግሱን ፊት፣ የልጅቷ ዐረብኛ መሃል፣ የኔ አማርኛ መጨረሻ። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሦስቱም ይገባሉ።

ከሚሴ አስተርጓሚ

እኔ ኦሮምኛና አማርኛ እያስተረጎምኩ ነው የምተዳደረው፣ ፍርድ ቤትም ሌላ ቦታም። ስለ መላው እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ነው የሚያደርገው። «ቶላን ቡነ ዹጌ» ማለት «ቶላ ቡና ጠጣ» ነው፣ ተራው ልክ እንደ አማርኛ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ስተረጉም ግሱን መጠበቅ አያስቸግረኝም፣ አብረን ነው የምንደርሰው። የሚያስቸግረኝ ስሙ ጋ ነው። አማርኛ «ትልቅ ቤት» ሲል ኦሮምኛ «መነ ጉዳ» ይላል፣ «ቤት ትልቅ»። «ትናንት የመጣው ሰው» ደግሞ «ነምኒ ከሌሰ ዹፌ» ነው፣ «ሰው ትናንት የመጣ»። እንግዲህ በግሱ አማርኛን ይመስላል፣ በስሙ ግዕዝን። ግስ መጨረሻ የሆነበት ቋንቋ ሁሉ በሌላውም እንደኛ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ ነው።

አሁን ወደ አስጎብኚው ልምጣ። ወንድሜ፣ ስህተቱ የደረሰብህ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትጨርስ ስለሞከርክ ነው። የአባታችንን ንግግር መልሰህ ስማው። «ያደሩትን»፣ «ያስተማሩትን»፣ «ያረፉትን»። እያንዳንዱ ውስጥ ያለቀለት ግስ አለ። መሪጌታው ከጎንደር መምጣታቸው፣ ማደራቸው፣ ማስተማራቸው፣ ማረፋቸው የማይቀየር ነገር ነው፣ የመጨረሻው ግስ ምንም ይሁን። ስለዚህ አትጠብቅ። «አንድ መሪጌታ ነበሩ። ከጎንደር መጡ። እኛ ቤት አደሩ። ለልጆቹ ዜማ አስተማሩ። ሙጃ ላይ አረፉ» እያልክ እየቆራረጥክ ሂድ። «እኔ» ሲሉ አፍህን ዝጋና ጠብቅ። የምትጠብቀው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከዚያ «እኔ ግን አላየኋቸውም» ትላለህ፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ ን የምትለዋን ፊደል ያዛት። «ያደሩትን» ሲሉ ገና መሪጌታው ተሳቢ እንደሆኑና አንድ ሰው አንድ ነገር ሊያደርጋቸው እንደሆነ ነግረውሃል። ሦስተኛ፣ «ማንም»፣ «ምንም»፣ «በጭራሽ»፣ «ከቶ» የሚሉትን ከሰማህ ብዙ ጊዜ አፍራሽ ግስ እየመጣ ነው። «ማንም» ብሎ «መጣ» የሚል የለም። ያንን ስትሰማ ግሱ ሳይደርስ ልታወራ ትችላለህ።

ጀርመንኛ የሚያስተረጉሙም እንዲህ ይቸገራሉ። ጀርመንኛ በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሱን ሁለተኛ ቦታ ላይ ይተክላል፣ «ስለ»ና «እንደ» ዓይነት ነገር ከገባበት ግን ወደ መጨረሻ ይወስደዋል።

ልሳን ተማሪ

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። እኔ ሥነ ልሳን ነው የማጠናው፣ የወረኢሉ ልጅ ነኝ። የዓለሙን በእኔ በኩል ልጨምር።

አስጎብኚ፣ ባልደረባህን እንዲህ በለው፦ የዓለምን ቋንቋ ብትቆጥር ትልቁ ቡድን ያለው ከኛ ጋር ነው። ማቲው ድራየር የሚባል ተመራማሪ ከ1300 በላይ ቋንቋዎችን በዚህ ጉዳይ ቆጥሯል። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ብለው የሚደረድሩት ወደ 565 ይደርሳሉ። ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲ፣ ታሚል ሁሉም እዚህ ናቸው። እንደ እንግሊዝኛ ግሱን መሃል የሚያደርጉት ወደ 488 ናቸው። በግስ ጀምረው ባለቤቱን የሚያስከትሉት፣ እንደ ኪታቡ ዐረብኛ፣ እንደ ዌልስኛና አይሪሽኛ ያሉት፣ 95 ያህል ናቸው። ወደ 190 የሚሆኑት ደግሞ አንዱ ተራ ከሌላው የማያይልባቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቂት ነው። ማዳጋስካር ላይ የሚነገረው ማላጋሲ ባለቤቱን መጨረሻ ያደርጋል፦ «ማማኪ ቡኪ ኒ ምፒያናትራ»፣ ቃል በቃል «ያነባል መጽሐፍ ተማሪው»። ተሳቢውን አስቀድሞ በባለቤት የሚጨርስ ቋንቋ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የለም ይባል ነበር። ኋላ ብራዚል ውስጥ የሂሽካርያና ቋንቋ ተጠና። እነሱ «ቶቶ ያሆስዬ ካማራ» ሲሉ ቃሉ በተራው «ሰው፣ ያዘው፣ ነብር» ነው። እዚህ ላይ ሰውየው ነብሩን ያዘ ብለህ እንዳትተረጉም፣ የተያዘው ሰውየው ነው! ነብር ያልኩት የደቡብ አሜሪካውን ጃጓር ነው።

ይህን ጥናት በሰፊው ያስጀመረው ጆሴፍ ግሪንበርግ ነው። በ1963 ባወጣው ጽሑፍ 30 ቋንቋዎችን አወዳድሮ 45 ሕጎችና ዝንባሌዎች አስቀመጠ። አንዱ ባለቤት ከተሳቢ በፊት መምጣት ይወዳል የሚል ነው። ሌላው ለኛ በጣም የሚያስፈልገን ነው፦ ግሳቸውን መጨረሻ የሚያደርጉ ቋንቋዎች እንደ «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ «ሥር» ያሉትን ቃላት በአብዛኛው ከስሙ በኋላ ነው የሚያስቀምጡት፣ ግስ የሚያስቀድሙት ደግሞ ከስሙ በፊት። ታዲያ አማርኛ ምን ያደርጋል? ሁለቱንም! «በቤቱ ውስጥ»፣ «ከድንጋዩ ሥር»፣ «ከወንዙ ማዶ»። «በ» እና «ከ» ከፊት አሉ፣ እነሱ ከግዕዝና ከዐረብኛ ዘመድ የመጣ የሴም ንብረት ናቸው። «ውስጥ»ና «ሥር» ከኋላ መጡ። ስሙ በሁለት በኩል ተይዟል። አንድ ቋንቋ መንገድ ላይ ተራውን እንደቀየረ ከዚህ በላይ የሚናገር ምልክት ይኖራል ብዬ አላምንም።

ማን አስቀየረው ለሚለው፣ አብዛኞቹ አጥኚዎች የኩሽ ቋንቋዎችን ያነሳሉ፣ በተለይ አገውን። ቮልፍ ሌስላው በ1945 በዚህ ላይ ጽፏል። አስጎብኚ፣ አንተ የቆምክበት ቦታ እኮ ነው። የላስታ ነገሥታት፣ የዛጉዌዎቹ፣ አገው ናቸው። ዛሬም ከአንተ ወደ ሰሜን ሰቆጣ ዙሪያ ኽምጣኛ የሚባለው የአገው ቋንቋ ይነገራል፣ ግሱ መጨረሻ ነው። ወደ ከሚሴና ባቲ ብትወርድ ኦሮምኛ አለ፣ ግሱ መጨረሻ። ከባቲ ቁልቁል አፋርኛ አለ፣ እሱም ግሱ መጨረሻ። ወሎ ላይ ቆመህ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄድ በግስ የሚጨርስ ጎረቤት ታገኛለህ። አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ለውጦ አዲስ ቋንቋ ሲናገር ቃሉን ይቀበላል፣ ተራውን ግን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የደሴዋ እህታችን «አነ ሞያ አብጋ» ያለችው እኮ ይኸው ነው። እሷን ያረመች ልጅ ነበረች። ሺህ ሰው በአንዴ እንዲያ ቢናገርና የሚያርም ባይኖር፣ ልጆቻቸውም ከነሱ ቢማሩት፣ ቋንቋው እዚያው ይቀየር ነበር። ሌላ ቦታም ሆኗል። የሜሶጶጣሚያው አካድኛ እንደ ዐረብኛ የሴም ቋንቋ ነው፣ በግስ ከሚጨርሰው ከሱመርኛ ጋር አብሮ ሲኖር ግሱን ወደ መጨረሻ ወሰደ።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። በ2008 የታተመ ጥናት ነው። እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛ፣ ስፓኒሽኛና ቱርክኛ ተናጋሪዎችን አፋቸውን ዘግተው በእጃቸው ብቻ አንድ ድርጊት እንዲያስረዱ አደረጓቸው። በአፋቸው የየራሳቸውን ተራ የሚከተሉ ሰዎች በእጃቸው ሲሆን በብዛት መጀመሪያ አድራጊውን፣ ቀጥሎ ተደራጊውን፣ መጨረሻ ድርጊቱን አሳዩ። የአማርኛ ተራ ነው። በኔጌቭ በረሃ አል ሰይድ የሚባል የበደዊን መንደር ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በራሳቸው የፈጠሩት የምልክት ቋንቋም ግሱን መጨረሻ ነው የሚያደርገው፣ በዙሪያው የሚነገሩት ዐረብኛና ዕብራይስጥ ግን እንደዚያ አይደሉም። የተገለበጠ ላለው ባልደረባህ ይሄንን አንብብለት።

ባቲ ሰኞ

የተማራችሁት ሁሉ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልስማማም። አማርኛ ሁሌ ግሱን መጨረሻ ያደርጋል የምትሉት በጽሑፍ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ መጥታችሁ አድምጡ። «ስንት አልከኝ ፍየሏን?» «ሸጥኳት እኮ ያችን ጥቁሯን!» «መጣ አይሱዙው!» ግሱ ቀድሞ ወጥቶ ስሙ ከኋላ ይመጣል። አስጎብኚው የጠቀሳቸው አባትም ቢሆኑ ትንሽ ቢያወሩ «አባቴ ናቸው የነገሩኝ» ይሉ ነበር።

ልሳን ተማሪ

ባቲ፣ ልክ ነህ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። ሰሚው ስለምን እንደሚወራ የሚያውቅ ሲመስለን ግሱን እንወረውርና ስሙን ለማስታወስ ያህል እናስከትላለን። «መጣ አይሱዙው» የሚባለው ሁሉም መኪና ሲጠብቅ ነው። ማንም ሳይጠብቅ ቢመጣ «አይሱዙ መጣ» ነው የምትለው። ደግሞ «ስንት አልከኝ ፍየሏን» ውስጥ ን አብራ መምጣቷን ተመልከት። ከግሱ በኋላ ብትሆንም ተሳቢ መሆኗን ትናገራለች። የዋድላው ወንድማችን ስለ «ሰማየ» ያለው እዚህም ይሠራል። እንግሊዝኛ ይህች ፊደል ስለሌለው ቃላቱን ካዘዋወረ ማን ማንን እንደነከሰ ይጠፋበታል። እኛ «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል፣ «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንል የተነከሰው ልጁ ነው።

የላስታ አስጎብኚ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት የከሚሴውን መላ ሞከርኩት። እኚያው አባት ነበሩ፣ ሆን ብዬ አንድ ረጅም ነገር ጠየቅኳቸው። እየቆራረጥኩ ሄድኩ፣ «እኔ» ሲሉ ዝም አልኩ፣ አንዴም አልተሳሳትኩም። እንግዶቹ ሲሄዱ ነገሩን አጫወትኳቸው፣ ስለ ነዶውም ጭምር። ትንሽ አስበው «ታዲያ ግሱን የሚያስቀድሙት ሳይከምሩ እንዴት ብለው ያስራሉ?» አሉኝ። የእንጨቱን ገመድ ነገርኳቸው። «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። ቻይንኛ የሚማር ጓደኛ አለኝ፣ «የመጣው ሰው» የሚለው ልክ እንደ አማርኛ ነው ይለኛል። ቻይንኛ ግሱን መሃል የሚያደርግ አይደለም እንዴ?

ልሳን ተማሪ

ሁለቱም እውነት ነው። ቻይንኛ ግሱን መሃል ያደርጋል፣ ማብራሪያውን ግን እንደኛ ከስሙ በፊት ይደረድራል። እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ቋንቋ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው። «ዞቲየን ላይ ደ ረን» ይላሉ፦ «ትናንት፣ መጣ፣ ደ፣ ሰው»። «ደ» የምትለዋ የኛን «የ» ሥራ ትሠራለች፣ ልዩነቷ እኛ ከግሱ ፊት ስናስቀምጣት እነሱ ከኋላው ያደርጓታል።